የመጠጥ ማቆሚያ ስብሰባ፦ ከየት ይገኛል፣ ሲገባስ ምን አለ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ብርቱካን_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጠይቀው ለወንድሜ ነው። መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ ብሏል፣ ስብሰባ ግን ገብቶ አያውቅም። ኡበር ስለሚነዳ ሰዓቱ ወጥ አይደለም። እንግሊዝኛው ለሥራ ይበቃዋል፣ የሆዱን ለማውራት ግን አይበቃውም። ስብሰባዎቹን ከየት ነው የሚያገኛቸው? ይከፈላል? ስም ይመዘግባሉ? በአማርኛስ አለ? ከሁሉም በላይ የሚፈራው «ሐበሻ ቢያየኝስ» የሚለውን ነው። «ጠንከር ብሎ ይተወው» የሚል ምክር አልፈልግም፣ እሱን ከዘመድ ጠግበናል።

ነርስ_በአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር ይጣራ። በየቀኑ ነው የሚጠጣው? ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል? ያልበዋል? አንድ ሁለት ካልቀመሰ አይረጋጋም? መልሱ አዎ ከሆነ በአንድ ቀን ቀጥ አድርጎ እንዳያቆም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ምክንያቱን ሹፌር ስለሆነ በመኪና ልንገርሽ። መጠጥ አንጎል ላይ ፍሬን ነው። ለወራት ፍሬኑ ተይዞ ሲኖር አንጎል ለማካካስ ነዳጁን እየረገጠ ይለምዳል። ፍሬኑን ድንገት ሲያነሱለት ይስፈነጠራል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ደግሞ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ሰውና ቦታ መሳት፣ ትኩሳት፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ይከሰታል፣ ይገድላልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን ስላለፈ «ተሻለው» ብለው ብቻውን ይተዉታል፣ ከባዱ ገና ነው።

ሐኪሙ እንደ ዳያዜፓም ወይም ሎራዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጠዋል፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይጨምርበታል። የሰው ዳያዜፓም ተውሶ በቤት መሞከር አይሆንም፣ ከመጠጥ ጋር ከተደራረበ ትንፋሽ ያቆማል። ካንፈራገጠው ወይም የት እንዳለ ከጠፋው 911 ነው፣ ወዲያው።

ቋንቋን በሚመለከት፣ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበል፣ በስልክም ቢሆን ያመጣሉ። ልጆቹን ወይም አንቺን አስተርጓሚ አያድርግ። ሰው በእህቱ በኩል በቀን ስንት እንደሚጠጣ ሲጠየቅ በግማሽ ቀንሶ ነው የሚናገረው፣ የመድኃኒቱ መጠን ደግሞ የሚሰላው በዛ ቁጥር ጭምር ነው።

የጎን_በር

ነርሷ ያለችው ይቅደም። ከዛ በኋላ ወደ ስብሰባው።

በየሰፈሩ የሚገኘው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፣ ሰዉ ኤኤ ይለዋል። በ1935 አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረ ነው። አይከፈልበትም። ምዝገባ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም፣ የአባላት ዝርዝር አይያዝም። መስፈርቱ መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ቅርጫት ሲዞር ሰዉ 1 ወይም 2 ዶላር ጣል ያደርጋል፣ ለክፍሉ ኪራይና ለቡናው ነው። አዲስ የመጣ ሰው ቅርጫቱን ወደሚቀጥለው ቢያሳልፍ ማንም አያየውም። እንዲያውም ብዙ ቤት አዲስ ሰው እንዳይሰጥ ይነገረዋል።

ለማግኘት ስልኩ ላይ ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን አፕ ይጫን። ነጻ ነው፣ ምልክቱ ሰማያዊ መደብ ላይ ያለ ነጭ ወንበር ነው። በቅርብ ያለውን፣ በቀኑና በሰዓቱ ለይቶ ያወጣል። ለሹፌር ጥሩ ነው፣ መንገደኛ አውርዶ ባለበት ሰፈር «አሁን» ብሎ መፈለግ ይችላል። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 የሚደረግ አለ፣ የምሳ ሰዓት አለ፣ ማታ 10 ሰዓት አለ። ዲሲ ውስጥ እንደ ዱፖንት ሰርክል ክለብ ያሉ በቀን ብዙ ስብሰባ የሚደረግባቸው ቤቶችም አሉ፣ አንዱ ቢያመልጠው ሌላው ይደርሳል። የአካባቢው ማስተባበሪያ ዋያ ይባላል፣ ስልክ የሚያነሱት መጠጥ ያቆሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። «መጀመሪያዬ ነው፣ በር ላይ የሚቀበለኝ ሰው እፈልጋለሁ» ቢላቸው ሰው ያገናኙታል። ይሄን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ዝርዝሩ ላይ «ኦፕን» የሚል ካለ ማንም መግባት ይችላል፣ አንቺም ጭምር። «ክሎዝድ» የሚለው ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። የታተመ ወረቀት ላይ ኦ እና ሲ በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ሲ የሚለውን ሳታዪ አጅበሽው እንዳትሄጂ። ለመጀመሪያ ቀን «ስፒከር» ወይም «ኒውከመር» የሚል ይምረጥ። ስፒከር ላይ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ እንግሊዝኛው የሚያሳስበው ሰው ጥግ ይዞ መቀመጥ ይችላል። «ስቴፕ» የሚለው መጽሐፍ እየተነበበ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል።

የሚያበላሸው ደግሞ ይሄ ነው። ቡድን ቦታ ቀይሮ ዝርዝሩ ሳይታደስ ይቀራል፣ በተለይ በበዓል ሳምንትና በረዶ ሲጥል። ስለዚህ ለአንድ ምሽት ሁለት አድራሻ ይያዝ። ሁለተኛው በሩ ነው። አብዛኛው ስብሰባ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ ዋናው በር ይቆለፋል። ሰው ዋናውን በር ገፍቶ እምቢ ሲለው «ዘግተዋል» ብሎ ወደ መኪናው ይመለሳል። በጎን ወይም ከኋላ በፓርኪንጉ በኩል ይዙር፣ አምፑል የበራበትና ሁለት ሦስት ሰው ሲጋራ የሚያጨስበት በር እሱ ነው። አንዳንዴ ክብ ውስጥ ሦስት ማዕዘን የተሳለበት ወረቀት ይለጠፋል፣ አንዳንዴም «የቢል ደብሊው ወዳጆች» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይደረጋል፣ ቢል ደብሊው ከኤኤ መሥራቾች አንዱ ነው። 15 ደቂቃ ቀድሞ ይድረስ። አርፍዶ ሲገባ ሁሉም ዞሮ ያየው ይመስለዋል።

ማሂ_21

ሐበሻ ቢያየውስ የሚለው ግን አልተመለሰም።

የጎን_በር

ያየው ሐበሻም እዛው ነው የተገኘው።

ሸምገል_ያለው

ይሄ መልስ ለቀልድ ጥሩ ነው፣ ለፈራ ሰው ግን አይበቃም። ልጄ ብርቱካን፣ በአሠራር እንነጋገር።

መጀመሪያ ርቀት። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ወይም አሌክሳንድሪያ የኛ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ ያለውን ትቶ ሮክቪል ወይም ቤቴስዳ ቢሄድ 20 ደቂቃ ቢጨምርበት ነው። ሁለተኛ፣ ክሎዝድ ስብሰባ ላይ ለወሬ የሚመጣ አይኖርም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጉዳይ የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ የሚታወቅ ፊት ካገኘ ዓይኑን አይስበር። ቡናው ጋ ሄዶ ሰላም ይበለውና «እዚህ ያየኸው እዚህ ይቅር» ይባባሉ። መሸሽ ነው ወሬ የሚፈጥረው። ውጭ ሲገናኙ ደግሞ፣ እድር ላይም ሆነ ሰርግ ላይ፣ «ማክሰኞ ጠፋህ» አይባልም፣ ባለቤቱም አጠገብ ቢቆም።

ስም የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን፣ የቀጣሪውን፣ የሚስቱን ስም አያንሣ። አገራችን ትንሽ ናት፣ «ባለቤቴ እገሌ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ናት» ካለ ስሙን እንደ ተናገረ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ይያዝ፦ የስብሰባ ምስጢር በቃል የታሰረ ነው፣ እንደ ጠበቃና እንደ ሐኪም ምስጢር ሕግ አይጠብቀውም። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ፣ ለፖሊስ ያልተነገረ የመኪና ግጭት፣ የኢሚግሬሽን ነገር እዛ አይወራም። እሱ ለጠበቃ ነው።

ማሂ_21

እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ክፍሉ ውስጥስ ምን ምን ይደረጋል? ተነሣና ተናገር ይላሉ?

የጎን_በር

አይሉም። የ60 ደቂቃ ስብሰባ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል። መሪው (ቼር ይሉታል) ሰዓቱ ሲሞላ ይጀምራል፣ አጭር መግቢያ ያነባል፣ ዝም የሚባልበት ጊዜ አለ፣ አጭር ጸሎት ይደረጋል። ከዛ ሁለት ሦስት ሰው የተለበጠ ወረቀት ይዞ ያነባል፣ አንዱ 12ቱ ርምጃዎች፣ ማለትም የኤኤ የማገገሚያ መመሪያዎች፣ የሚነበቡበት ነው። ይሄ ሁሉ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ለአዲስ ሰው አሰልቺ ነው፣ ይታገሠው። ቀጥሎ «አዲስ ሰው አለ?» ይባላል። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ቢያወጣ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ሰዎች ወደ እሱ ይመጣሉ፣ ካላወጣ ማንም አያውቀውም፣ ብቻውን ይወጣል።

ተናጋሪ ካለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከዛ ሌሎች በየተራ ሦስት አራት ደቂቃ ይናገራሉ። ተራው ከደረሰው «ስሜ እገሌ ነው፣ ዛሬ ላዳምጥ ነው የመጣሁት» ይበቃል። «አልኮሆሊክ ነኝ» ብሎ መጀመር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሰው ሲናገር ማቋረጥ፣ መምከር፣ መመለስ አይፈቀድም፣ ክሮስቶክ ይሉታል። የኛ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል፦ የልቡን ተናግሮ ማንም «አይዞህ» ሳይለው ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ንቀት አይደለም፣ አይዞህ የሚባለው ካለቀ በኋላ በሩ ጋ ነው።

መጨረሻ ላይ ሳንቲም የሚመስል ቺፕ ይታደላል፦ ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ ለ60፣ ለ90፣ ለዓመት። የ24 ሰዓቱን ለመውሰድ መነሣት ያሳፍራል፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ጭብጨባ ለሱ ነው።

ቸኩሎ እንዳይወጣ። ካለቀ በኋላ ያለው 15 ደቂቃ ከስብሰባው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ወንበር ማጠፍ ይርዳ፣ ሰው ያኔ ያነጋግረዋል። የሦስት ወንዶች ስልክ ሳይዝ አይውጣ። ስልክ የሚያዘው ለክፉ ቀን ብቻ አይደለም። ደህና በሆነበት ቀን «ሰላም፣ ማክሰኞ የተገናኘን ነን» ብሎ ካልደወለ፣ ክፉው ቀን ሲመጣ አይደውልም። ጣቱ አይታዘዝለትም።

ዲያቆን_ሰፈር

ይቅርታ ልጠይቅ። «ከፍ ያለ ኃይል» ይላሉ ሲባል ሰማሁ። ሌላ እምነት ነው እንዴ?

ሸምገል_ያለው

አይደለም ዲያቆን። 12ቱ ርምጃዎች ስለ እግዚአብሔር ያወራሉ፣ ግን «እኛ እንደምናውቀው» ብለው ነው የሚያስቀምጡት፣ እያንዳንዱ በራሱ እምነት ይተረጉመዋል። ቁርባን የለም፣ ሰባኪ የለም፣ ማንንም ከሃይማኖቱ አያወጣም። ቦታው ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ክፍሉ በርካሽ ስለሚከራይ ነው። አንዳንድ ቡድን ሲዘጋ እጅ ለእጅ ተያይዞ አቡነ ዘበሰማያት ይላል፣ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ዝም ብለው መቆም ይችላሉ፣ ማንም ቅር አይለውም።

አምስተኛው ርምጃ ሰው ጥፋቱን ለራሱ፣ ለፈጣሪና ለአንድ ሌላ ሰው የሚገልጽበት ነው። ለኛ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፣ የንስሐ አባት ያለው በዛው ሊያደርገው ይችላል። ግን ንስሐ አባቱ አስቀድመው ይነገራቸው፣ ሰዓት ይያዝላቸው። ከቅዳሴ በኋላ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። የሚሰጡት ቀኖናም ከባድ ጾም ከሆነ በመጀመሪያው ወር ለጉበቱ ስለማይስማማ ከሐኪሙ ጋር ያስማሙት።

ዲያቆን_ሰፈር

መልካም። ብዙዎች «ታዲያ እንዴት ልቁረብ፣ ወይን አለበት» ብለው ስለሚፈሩ አንድ ልጨምር። የኛ ቤተ ክርስቲያን ወይን ከዘቢብ ነው፣ በዕለቱ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፣ ለመፍላት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የሚሸሹት ነገር አይደለም። ጸበል መግባትም ጥሩ ነው፣ ግን ነርሷ ከላይ ያለችውን አስተውሉ፦ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ያንኑ ዕለት አቁሞ፣ ምግብ ሳይቀምስ ጸበል ሲገባ የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት አደገኛ ናቸው። እዛ ሲያንፈራግጠው «መንፈሱ ጮኸ» ይባላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ጸበል። አንዱ አንዱን አይሽርም።

ነርስ_በአሌክሳንድሪያ

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማዎ። ይህን ሰው ሁሉ ቢሰማው።

ቁጥር_ወዳድ

ኤኤ ብቻ አይደለም ያለው። ጸሎት ያለበት ለማይመቸው ስማርት ሪከቨሪ አለ፣ በ1994 የተቋቋመ፣ ከሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰዱ መልመጃዎችን የሚጠቀም። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ 90 ደቂቃ ነው፣ የሠለጠነ አስተባባሪ ይመራዋል፣ እዛ ሰው ለተናገረው መልስ መስጠት ይቻላል። ፍላጎት ሲመጣበት በወረቀት የሚሞላው ሰንጠረዥ አለ፦ ብጠጣ የማገኘው፣ የማጣው፣ ባልጠጣ የማገኘው፣ የማጣው። በኢንተርኔት በሽ ነው፣ በአካል ግን ከኤኤ በጣም ያንሳል።

«ኤኤ ይሠራል ወይ?» ለሚል፣ በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ 10,565 ሰዎችን አይቶ ሙሉ በሙሉ ማቆምን በተመለከተ ወደ ኤኤ የሚያስገባ የተደራጀ ድጋፍ ከሌሎች የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አግኝቷል። ልብ በሉ፣ እዚህ ያለው በባለሙያ እየተገፋ የገባ ሰው ነው። «ሂድ» ተብሎ አድራሻ የተሰጠው ብቻ አይደለም።

በ90 ቀን 90 ስብሰባ የሚባለውም ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው። ኡበር ለሚነዳ ሰው በሳምንት 4 ወይም 5 በቋሚ ሰዓት ይሻላል። አንድ ቤት ካልተስማማው ቢያንስ 6 የተለያዩ ቤቶችን ሳያይ «አልሠራልኝም» አይበል። አንዱ ቡድን ሽማግሌዎች ብቻ ነው፣ አንዱ ወጣቶች፣ አንዱ መጽሐፍ አንባቢ።

ስለ ስፖንሰርም ይነገር። ስፖንሰር ማለት ቀድሞ ያቆመ፣ ርምጃዎቹን አብሮ የሚያሠራ ሰው ነው። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ይመረጣል፣ ቢያንስ 1 ዓመት የሞላውና ራሱ ስፖንሰር ያለው ቢሆን። «ለጊዜው ስፖንሰር ትሆነኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ካልተጣጣሙ መቀየር ነውር አይደለም። ገንዘብ የሚያበድር፣ ሥራ የሚያስቀጥር፣ የትዳር አማላጅ አይደለም። ሐኪምም አይደለም፦ «የድብርት ክኒንህን አቁም» የሚል ካጋጠመ ሌላ ስፖንሰር ይፈለግ። ኤኤ ራሱ አባላቱ ሐኪም እንዳይሆኑ በጽሑፍ አሳስቧል።

ሹፌር_703

ጠጥቶ መንዳት ለተያዘ ሰውስ? ዳኛው ስብሰባ ሂድ ብሎ ወረቀት ሰጥቶታል።

የጎን_በር

ወረቀቱን ስብሰባው ሳይጀምር ለቼሩ ወይም ለጸሐፊው ይስጥ፣ ካለቀ በኋላ ይቀበል። መሀል ላይ ተነሥቶ አይጠይቅ። የሚፈርሙት በመጀመሪያ ስም ብቻ ነው። የማይፈርም ቡድን አለ፣ መብቱ ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ ይጠይቅ። በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ ይቆጠር እንደሆነ ፕሮቤሽን ኦፊሰሩን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ያስቀምጥ። እዚህ ላይ ነው ሰዉ 20 ስብሰባ ተቀምጦ ዜሮ የሚሆንበት። ቨርጂኒያ ከሆነ ቫሳፕ የሚባለው የትምህርት ፕሮግራም ሌላ ነው፣ ክፍያና ምዝገባ አለው፣ ስብሰባው እሱን አይተካም። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፣ ሁለት ክስ ያለበት በተለይ።

ቦሌ_ሚካኤል

እኛ አዲስ አበባ ያለነውስ? እዚህ በየሰፈሩ እንዲህ አይገኝም።

ነርስ_በአሌክሳንድሪያ

ሕክምናው በኩል አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የካ ኮተቤ ሆስፒታል አሉ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ መሄድ ይሻላል። የሚያንፈራግጥ ወይም የሚያቃዠው ሰው ግን ድንገተኛ ነው፣ ሪፈር ሳይጠበቅ የቅርቡ ሆስፒታል ይግባ። ሲሄድ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በላስቲክ ይዞ ይሂድ። ምን እንደሚጠጣም በስሙ ይናገር፣ «ትንሽ መጠጥ» አይበል። አረቄ፣ ጠጅና ድራፍት በኃይላቸው አይገናኙም፣ ሦስት መለኪያ አረቄና ሦስት ድራፍት አንድ አይደለም።

ስብሰባው በኩል የኢንተርኔቱን ይሞክር። የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ የዓለምን ስብሰባ በየሰዓቱ ይዘረዝራል፣ ሌሊትም አለ። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ቪዲዮ አጥፍቶ ድምፅ ብቻ።

ሪያድ_ያለሁ

ለባሕረ ሰላጤ ሰዎችም እሱ ነው ያለው፣ ሳውዲና ኩዌት መጠጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ። በአሠሪ ዋይፋይ ሳይሆን በራስ ዳታ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ዙም ሲከፈት ስም ይታያል! ስልካችሁ ላይ የተመዘገበው ሙሉ ስም ነው የሚወጣው፣ አንዳንዴም የስልኩ ስም ከነባለቤቱ። ከመግባታችሁ በፊት በአንድ ስም ወይም በፊደል ቀይሩት፣ ፎቶውንም አንሡት።

ቦሌ_ሚካኤል

በአማርኛ ብንከፍትስ? ማን ይፈቅዳል?

ሸምገል_ያለው

የሚፈቅድ አለቃ የለም። ለመጠጥ ማቆም የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ከሌላ ድርጅት ጋር እስካልተጣበቁ ድረስ፣ ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ኒው ዮርክ ላለው ጽሕፈት ቤት ከጻፉ ለአዲስ ቡድን የሚሆን ወረቀት ይልካል።

የሚያፈርሰውን ልንገራችሁ። አንዱ ሰዓት ነው። «ቅዳሜ 3 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ግማሹ በሀበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ይቆጥራል። በበጋ ዲሲ በፈረንጅ ከቀኑ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በሀበሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ሪያድም እንዲሁ፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ኅዳር ላይ አሜሪካ ሰዓት ሲያዞር ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ የእያንዳንዱን ከተማ ሰዓት ጻፉ፣ «በሀበሻ አቆጣጠር» የሚለውን ቃል ጨምሩ። መጋቢትና ኅዳር ሲመጣ ደግሞ አድሱት።

ሁለተኛው ምላስ ነው። የኛ ሰው አንዴ ማይክ ከያዘ ወደ ስብከት ወይም ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። 3 ደቂቃ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ ያለ ይሉኝታ። ለዕድሜም ለማዕረግም አይቀየርም፣ ለእኔም ጭምር። «አቶ»፣ «ዶክተር»፣ «ቀሲስ» በር ላይ ይቀመጣል፣ በስም ብቻ። ሦስተኛው፣ መሪነት በየ6 ወሩ ይዙር፣ አለበለዚያ የአንድ ሰው እድር ይሆናል። ምግብ ቤት ውስጥ አይደረግ፣ መጠጥ ከሚሸጥበት ጀርባ መሰብሰብ ቀልድ ነው። ዙም ላይ ደግሞ ሁለት ተቆጣጣሪ ይኑር፣ የግል መልእክት ይዘጋ፣ ቀረጻ ይጥፋ።

ማሂ_21

ሰርግና ፋሲካ ላይስ? «በሞቴ ቅመስልኝ» እንዴት ይታለፋል?

ነርስ_በአሌክሳንድሪያ

ብርጭቆው ባዶ ካልሆነ ማንም አይቀዳለትም። ሲገባ የራሱን አምቦ ውኃ ይያዝ። «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ማለት ይቻላል፣ ከዛ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ማብራሪያ ሲበዛ ክርክር ይከፈታል። መኪናውን መውጫ ጋ ያቁም፣ በሌላ ሰው መኪና አይሂድ፣ ዘፈኑ ሲሞቅ መውጣት የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቅሪቦና ብርዝ ላይ ጥንቃቄ። ዛሬ የተበጠበጠ ብርዝ ማር በውኃ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ ግን መፍላት ይጀምራል። ቅሪቦም እርሾ አለበት፣ እንስራው ክዳን ላይ አረፋ ከተነሣ ይተወው። መጠጥ ለማስተው የሚሰጠውን ዳይሰልፊራም የሚባል ክኒን የሚወስድ ሰው በተለይ። ያ መድኃኒት ከትንሽ አልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል፣ ክኒኑን ካቆሙም በኋላ እስከ 14 ቀን ሊሠራ ይችላል። የአፍ መጉመጥመጫ ሲገዛም ጀርባውን ያንብብ። ይህን ክኒን ሳይነግሩት ምግቡ ውስጥ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አሉ፣ ይሄ በጭራሽ አይደረግም።

ብርቱካን_ሲልቨርስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም በወረቀት አሰፈርኩት። ሐኪም ቀጠሮ ለሐሙስ ይዟል። ለስብሰባው ሮክቪል ውስጥ ሰኞ ማታ 7፡30 ኦፕን አግኝቻለሁ፣ ሁለተኛ አድራሻም ይዣለሁ። አብሬው ልግባ ወይስ መኪና ውስጥ ልጠብቀው?

የጎን_በር

የመጀመሪያውን ቀን ግቢ፣ ኦፕን ነው። ግን ተለያይታችሁ ተቀመጡ። አጠገቡ ካለሽ ማንም አያነጋግረውም፣ እሱም አንቺን እያየ ነው የሚናገረው። ሲያልቅ አንቺ ወደ መኪናው ቀድመሽ ሂጂ፣ እሱ ወንበር ያጥፍ። ከሁለተኛው ጀምሮ ብቻውን። ለአንቺ ደግሞ አል አኖን አለ፣ ለቤተሰብ የተለየ ስብሰባ ነው፣ በ1951 የተመሠረተ። እሱ ቢቀርም አንቺ መሄድ ትችያለሽ።

ብርቱካን_ሲልቨርስፕሪንግ

ፓርኪንጉ ከኋላ ነው ይላል።

የጎን_በር

በሩም ከኋላ ነው ማለት ነው። 7፡15 ድረሱ።